ሲታጠብ የሚነጋ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለመርፌዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? «ለምን ዘገየህ?» ላልሽው መልሱ አጭር ነው፤ ተኝቼ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ ወድጃለሁ። ጀንበር ገና ሳታዘቀዝቅ ዓይኔን እጨፍንና እስኪነጋ አልመለስም። ሽማግሌ እንቅልፍ ይርቀዋል የሚሉት ለሌሎቹ ይሆናል።

የቀለም ጋኑ ደህና ነው። ከኔ ጤና ይልቅ የሱን ማወቅ እንደምትፈልጊ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት። ጧት ክዳኑን ሳነሳ አረፋውን አናቱ ላይ ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ፉርሽካውን አበላዋለሁ፣ የአመድ ውሃውን አጠጣዋለሁ፣ በዱላው ቀስ አድርጌ አዞረዋለሁ። ከዚያ ጆሮዬን አስጠግቼ ሲንሾካሾክ እሰማዋለሁ። አያትሽ ስታገባ በእንስራ ይዛው የመጣችው እርሾ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጦሙን አላደረም።

«ትንሽ ጨርቅ ጎህ አድርገህ ንከርልኝ» ያልሽው ደርሶኛል። ለማን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ እኔም አልጠይቅም። ከተማ ስትገቢ ረስተሽው እንደሁ ግን ላስታውስሽ፦ በኛ ቤት አንዴ ብቻ ተነክሮ የወጣው ሰማያዊ ጎህ ነው፣ ደገም ያለው ማለዳ፣ ጠንከር ያለው ምሽት፣ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ የጠገበው ሌሊት። ጎህ ለሸሚዝም ለመጋረጃም አይሆንም፤ ሲነኩት ይሳሳል። ለማን ሰውነት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ይኸው አፌን ዘጋሁ።

እዚህ ሰማዩ አቧራ ከለበሰ ከረመ። ዝናብ ሲመጣ ይጠራል ስል ዘንቦም ያው ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ቢኖር እጄ መንጻቱ ነው። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ «ይህን እጅ ይዘህ ሰው ፊት አትቅረብ» ስትለኝ ኖራ፣ እሷ ካለፈች በኋላ ነጻልሽ። ሻሿ ግን አሳዝኖኛል። ለሠርጋችን ማለዳ አድርጌ የነከርኩላት፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው። ፀሐይ በልቶት አመድ መስሏል። መልኩ ቢመለስለት ብዬ አንድ ሁለቴ ላጠልቀው አስቤያለሁ።

ባልሽን፣ ያን ሹፌር፣ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎሃል በይልኝ።

አባትሽ፣ ነካሪው


ጥቅምት 25

ለአባዬ፤

እንደምን አለህልኝ? ይቅርታ አድርግልኝ፣ ደብዳቤህን ሁለት ሦስቴ ካነበብኩት በኋላ ነው ለመልስ የተቀመጥኩት። «ክፍልሽ ብርሃን አለው ወይ?» ብለህ በአውቶቡሱ ሰው ላስጠየቅኸኝ፣ አለው። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ፎቅ ጀርባ ስትገባ፣ የላክህልኝ ጨርቆች ግድግዳው ላይ ጥላቸው ያርፍና ክፍሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አሠሪዬ «ደግሞ ልትዋኚ ሄድሽ?» ትለኛለች። ሴትዮዋ አፏ ክፉ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው።

አንዲት ደንበኛ ለመጋረጃዋ የተቆረጠውን እየዳሰሰች «ይህ ቀለም ከየት ነው የመጣው? መጀመሪያ ማን አገኘው?» አለችኝ። የነካሪ ልጅ ሆኜ «አባቴን ልጠይቅ» አልኳት። ልጅ እያለሁ አንድ ተረት ነበረህ፤ ምራትና አማት ያሉበት። ጻፍልኝ።

ደግሞ አባዬ፣ ሳትቆጣ ስማኝ። ማለዳ ያዘዝኩህ ጨርቅ ምሽት ሆኖ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት የላክኸውም እንዲሁ። ደንበኞቹ ወደውታል፣ እሱ አይደለም ነገሩ። ፊደልህም ተልቋል፤ አንድ ገጽ ላይ የምትጽፈው ሦስት ገጽ ሆኗል። እጄ ነጻ ያልከው ደግሞ ከንከራ ሥራ ወጥተህ ነው? በየቀኑ ጋን ውስጥ የሚገባ እጅ እንዴት ይነጻል?

እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ይደክመኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

መርፌህ


ኅዳር 12

ለመርፌዬ፤

እንደምን አለሽ? ያ ድካም እንዴት ሆነ? «ትንሽ» ስትይ ምን ያህል እንደሆነ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለማውቅ፣ ተጋድመሽ ነው የምታነቢኝ ብዬ አስባለሁ።

ስለ እጄ ላልሽው፣ ሳሙና ተሻሽሏል። ስለ ፊደሌ ላልሽው፣ ብዕሩ ወፍራም ነው። ስለ ጨርቁ ላልሽው፣ ጠቆር ያለ ቀለም ዕድሜ አለው፤ ቅር ያለው ደንበኛ ካለ ወደኔ ላኪው። ይኸው ሁሉንም መለስኩ። አሁን ተረቱን ስሚ።

አያትሽ እንደነገረችኝ ሰማያዊ የተገኘው በአንዲት ምራት ስንፍና ነው። የአማቷን ነጭ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ትወርዳለች። ፀሐዩ ከባድ፣ ወንዙ ሩቅ። መንገድ ላይ ቅጠል ረግፎ የበሰበሰበት የቆመ ውሃ ታገኛለች። «ውሃ ምን ጊዜም ውሃ ነው» ብላ ልብሱን እዚያው ዘፍዝፋ ጥላ ሥር ጋደም ትላለች፤ እንቅልፍም ይዟት ጭልጥ ይላል። ስትነቃ ልብሱን ጎትታ ብታወጣው አረንጓዴ፣ ያውም የኩሬ ዝቃጭ የመሰለ አረንጓዴ። ትከሻዋ ላይ ጥላው እያለቀሰች ወደ ቤት ትሮጣለች።

«እማማ፣ ጉድ ሆንኩ! ልብስዎን አረንጓዴ አደረግሁት!»

አማትየዋ ወጥታ ብታይ ልብሱ ቁርጥ ሰማይ። «አንቺ ልጅ» አለቻት፣ «ስንፍናሽ ሳያንስ ዓይንሽም ታመመ?»

ምራቲቱ እስክትሞት ድረስ አረንጓዴ ነበር እያለች ማለች። ማንም አላመናትም። ቀለሙ የሚወለደው ውሃው ውስጥ ሳይሆን አየሩ ላይ መሆኑን ያየች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ለደንበኛሽ ይህን ንገሪያት። ሱቅ ውስጥ ኢንዲጎ የሚሉት ይኸው የኛው ኒል መሆኑንም ጨምሪላት። ተክሉን ብታይ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ አበባው ሮዝ ነው፣ ሰማያዊ የሚባል ነገር ላዩ ላይ አይገኝም።

ጎህሽን በአውቶቡሱ ልኬዋለሁ። አስቸገረኝ። ከጋኑ አውጥቼ ይዤው እቆማለሁ፣ አየሩ ይነካዋል፣ እሱ ግን አልሰማም አለ። መልሼ አጠለቅሁት። እንደገና አወጣሁት። እምቢ ሲለኝ እስኪሰማ ድረስ ነከርኩት። እንዲህ ያለ ግትር ጨርቅ አይቼ አላውቅም፤ ለማን እንደሆነ እንጃ እንጂ ባለቤቱም እንዲሁ ግትር ነው የሚሆነው።

ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ፣ እትዬ ሸክላ የምትያት፣ ሰላምታ ታቀርባለች። ሰማዩ አቧራ ነው ብላት «የምን አቧራ!» ብላ ሳቀችብኝ። እያረጀች ነው።

አባትሽ


ኅዳር 28

አባዬ፤

ሰላምታውን ለዛሬ ይቅር በለኝ። «ጨርቁ ደረሰሽ ወይ፣ ወደድሽው ወይ?» ብለህ በአውቶቡሱ ሰው ለላክኸው ነው የምመልሰው።

ደርሶኛል። ወረቀቱን ስፈታ ከውስጥ የወጣው ሌሊት ነው። ሌሊት እንኳን አይደለም፣ ከሌሊትም የባሰ ነው። መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት፣ መብራት አብርቼ አየሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ።

የነካሪ ልጅ ነኝ፣ አባዬ። ጎህ ማለት ጨርቁን አንዴ አጥልቆ፣ እፍ እንደማለት አየር አስነክቶ መተው ነው። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትሠራው ነበር። ጨርቁ አልሰማም አላለህም። ጨርቁ ገና መጀመሪያ ሲወጣ ሰማያዊ ሆኗል፤ ያላየኸው አንተ ነህ። እጅህም አልነጻም። ሰማዩም አቧራ አይደለም። እያንዳንዱን ለብቻው ሳነበው ሳቅሁ፣ አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ግን ሳቄ ጠፋ።

ሰማያዊ ይታይሃል ወይ?

ይህን ብቻ ንገረኝ። ሌላ ተረት አልፈልግም። እውነቱን ከነገርከኝ እኔም የደበቅሁትን አንድ ነገር እነግርሃለሁ።

መርፌህ


ታኅሣሥ 14

ለልጄ፤

ዓይኔ ደህና ነው። ጎረቤት ሲመጣ አውቃለሁ፣ ደረጃው አያደናቅፈኝም፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ላስገባ ብል ከአንቺ እኩል እንኳ ባይሆን አስገባለሁ። ሥራዬን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ በኋላ ሳላሽገው ጠረጴዛው ላይ ከረመ። በየጧቱ ሳልፍ ያየኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ መርፌዬ። ይኸው እውነቱ።

አይታየኝም። መቼ እንደሄደ አላውቅም። አንድ ቀን ብድግ ብሎ የሄደ ቢሆን «ወዴት?» እለው ነበር። ቀስ እያለ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ የወጣ ነው የሚመስለኝ። ሁሉ ነገር የሻይ ዝቃጭ መልክ አለው። ጋኑን በሽታው፣ አረፋውን በጣቴ፣ ፍላቱን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ጨርቁ ከውሃ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እንቅልፍ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሕልሜ ውስጥ አለ። ጋኑን እከፍታለሁ፣ ጨርቁን አወጣለሁ፣ አረንጓዴው ከጫፉ ጀምሮ እየተገለበጠ ሰማያዊ ሲሆን ቆሜ አያለሁ። እናትሽም በሩ ላይ ሻሿን አሥራ ትቆማለች፤ ማለዳ ነው፣ አንድ ክር እንኳ አልለቀቀም። ከዚያ ነቅቼ ሁሉም ቡኒ ሲሆን፣ መልሼ ለመተኛት ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

«ሐኪም ዘንድ ሂድ» ልትዪኝ ነው። አልሄድም። እትዬ ሸክላ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ትላለች፤ እሷ ሁሉን ትላለች። እኔ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ታሥሬ ብተኛ ጋኑን ማን ያበላዋል? ይሞታል። እሱም ቢቀር፣ ቢላው ቢስትስ? አሁን ቡኒውን አያለሁ፤ ያኔ እሱም ይቀርብኛል። ሕልሜን እንኳ ይዞት ይሄድ እንደሁ ማን ያውቃል። እፈራለሁ፣ ልጄ። ይህን ለሰው ብዬ አላውቅም።

የደበቅሽውን ደግሞ ለመናገር አትድከሚ። ጎህ ያዘዝሽኝ ዕለት አውቄያለሁ። አራስ ካልሆነ ጎህ ማን ይለብሳል?

አባትሽ


ጥር 3

ለአባዬ፤

ልክ ነህ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። «ለምን ደበቅሽኝ?» ብለህ ብትቆጣ እውነት አለህ፤ ግን አንተም ታውቃለህ። ባለፈው እርግዝናዬ ቸኩዬ ጻፍኩልህ፣ አንተም በደስታ ጎህ ነክረህ ላክህ። ጨርቁ ሲደርስ ልጁ አልነበረም። ያ ጨርቅ እስካሁን ከመሳቢያዬ ግርጌ ተቀምጧል፤ ለዚህኛው ማልበሱን ፈራሁ። ስለዚህ ሌላ አዘዝኩህ፣ የምሥራቹን ግን ዋጥኩት። ባወራው የሚያመልጠኝ መሰለኝ።

ያንተን ደብዳቤ ይዤ ከሰፈሬ ያለው ዓይን ሕክምና ሄድኩ። ነርሷን ጠየቅኋት፦ «ሰው እንዴት ሰማያዊ ብቻ ይጠፋበታል?» እሷም በሰው ዓይን ውስጥ እንደ መስታወት ያለ ነገር እንዳለ፣ ሲያረጅ ቢጫ ቡኒ እንደሚሆን፣ ሰማያዊው በዚያ ማለፍ እንደሚያቅተው ነገረችኝ። ሰማያዊው የትም አልሄደም፣ አባዬ። ጫማውን ይዞ አልወጣም። መስኮቱ ነው ያረጀው፤ መስኮት ደግሞ ይቀየራል። «ሁሉም ይድናል?» ስላት «ሁሉም አልልሽም፤ ብዙው ግን ይድናል» አለችኝ። ዋሽታ ብታጽናናኝ ኖሮ አልጽፍልህም ነበር።

ጋኑን እትዬ ሸክላ ታበላዋለች። አትሳቅ። ጭቃ ስታቦካ የኖረች ሴት ናት፣ የሚቦካ ነገር አይከብዳትም። መልእክት ልኬላት «እሱ ብቻ እሺ ይበል እንጂ እየዘፈንኩ አበላዋለሁ» ብላለች።

አንተ ፈራሁ ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም ልጻፍልህ፦ እኔም እፈራለሁ። በየጧቱ ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ መጠበቅ ነው። እስክትንቀሳቀስ ድረስ ከአልጋ አልወርድም። ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም፣ እኔ ግን «እሷ» እላታለሁ። ስትመጣ አያቷ በዓይኑ እንዲያያት እፈልጋለሁ። ደብዝዛ፣ ቡኒ ሆና እንድታያት አልፈልግም። ሁለታችንም እየፈራን እንሂድ። አንተም ቀጠሮህን ያዝ፣ እኔም የኔን እጠብቃለሁ።

መርፌህ


የካቲት 20

ለመርፌዬ፤

እንደምን አለሽልኝ፣ እንደምንስ አለችልኝ? «አየህ ወይ?» ብለሽ ስትጨነቂ ከርመሽ ሳለ ዝም ማለቴ ይቅር ይባልልኝ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ከመጨረሻው ታገኚዋለሽ።

አንደኛውን ዓይኔን ሠርተውታል፤ ሁለተኛው ሲያገግም ይቀጠርልኛል። የሆስፒታሉ ነርስ ፋሻውን ስትፈታልኝ ጎንበስ ብዬ ነበርና መጀመሪያ ያየሁት ጉልበቴ ላይ የተቀመጠ የሌላ ሰው እጅ ነው። እስከ ክርኑ ሰማያዊ። «ይህ የማን እጅ ነው?» አልኩ። ነርሷ ሳቀች። እኔም አንቀሳቀስኩት፤ ተንቀሳቀሰ። ጥፍሮቼ፣ ከጥፍሮቼ ሥር፣ የመዳፌ መሥመሮች ሁሉ። አንድም ቀን አልነጻም ነበር። እናትሽ «ይህን እጅ ይዘህ» የምትለው እጅ፣ ሙሉውን። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ነርሷም «ዓይንዎን አይንኩ!» እያለች እጄን ይዛ ቀረች።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሸክላ በክንዴ ይዛኝ ነበር። ሰማዩን አላወራልሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔን የገደሉኝ ትናንሾቹ ናቸው፦ የአውቶቡሱ መቀመጫ፣ የአንዲት ተማሪ ደብተር ሽፋን፣ የሱቅ በር። አሮጌውን ዓይኔን ስገልጥ ዓለም ሻይ ይሆናል፣ አዲሱን ስገልጥ ይታጠባል። አንዱን እየጨፈንኩ ሌላውን ስከፍት መንገዱን ጨረስኩት። እትዬ ሸክላ በመጨረሻ ቆም ብላ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ትጠቅሰኛለህ?» አለችኝ። መንገደኛው ሁሉ ሰማ።

ጋኑ ወፍሯል። ያለ ልክ አብልታዋለች፤ አረፋው ክዳኑን ሊያነሳ ደርሶ ነበር። ምን እንደዘፈነችለት አልነገረችኝም።

እና ግቢ ገባሁ። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየሁና «ማን ሞተ?» አልኩ። ሁሉም ጥቁር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለሰው ስልክ የኖርኩት ሐዘን ነው። እሱንስ ስቄ አለፍኩት። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሚስማሩ ላይ የእናትሽን ሻሽ አየሁ።

አመድ አልነበረም፣ ልጄ። ፀሐይ አልበላውም ነበር። የደበዘዘ መስሎኝ ነከርኩት፣ አልመለስ ሲለኝ ደገምኩት፣ ሰለስኩት። ማለዳዋን ሌሊት አደረግሁባት። ከሷ የቀረኝ አንድ ነገር እሱ ነበር፣ በገዛ እጄ አሰጠምኩት። ሳሙና ሞከርኩ፣ አፈላሁት፣ ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ ወይ ፍንክች። አሁን በሕልሜም እየመጣች አይደለም። ዓይኔ ሲመለስ እሷን አጣኋት። ደስታሽን ላለማጠልሸት ነው ዝም ያልኩት፤ ግን ለማን ልናገረው?

አባትሽ


መጋቢት 9

አባዬ፤

ብዙ መጻፍ አልችልም፤ አንድ እጄ ተይዟል። የያዘችው እሷ ናት። ሴት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ትልቅ ድምፅ አላት። «ማንን ትመስላለች?» ማለትህ አይቀርም፤ ግንባሯ ያንተ፣ ቁጣዋ የእማዬ ነው። ይኸው የምሥራቹን በሙሉ አፌ አወራሁት፤ እሷም አላመለጠችኝም።

ሻሹን ላክልኝ።

እኔን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፦ ኒል ክሩ ውስጥ አይሰምጥም፣ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በአንድ ቀን አይለቅም፣ በለበሱትና ባጠቡት ቁጥር ግን ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። አንተ በአንድ ሳምንት አፍልተህ ልታስለቅቀው ስለፈለግህ ነው እምቢ ያለህ። ለዚህች ልጅ ደግሞ በየቀኑ የማይታጠብ ነገር የለም። በሻሹ እጠቀልላታለሁ፣ ታቆሽሸዋለች፣ አጥበዋለሁ፣ አሰጣዋለሁ። ሌሊቱ ምሽት ይሆናል፣ ምሽቱም አንድ ቀን ማለዳ ይሆናል። የእማዬ ማለዳ ከሥር አለ፤ የትም አልሄደም።

ሁለተኛውን ዓይንህን ተሠርተህ ስታበቃ መጥተህ እያት።

መርፌህ


መጋቢት 21

ለመርፌዬና ለዚያች ባለ ትልቅ ድምፅ፤

«ሻሹን ላክልኝ» ላልሽው፣ ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። አጥፌ አስሬ ለአውቶቡሱ ሰው በእጁ ሰጠሁት፤ መንገዱን ሙሉ እንዳይቀመጥበት አስምዬዋለሁ። አብሮት አንድ ትንሽ ጨርቅ አለ፦ ጎህ ነው። አንዴ ብቻ አጠለቅሁት፤ ሲወጣ አረንጓዴ ነበር፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ሲገለበጥ ነቅቼ፣ በገዛ ዓይኔ አየሁት። ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ከዚያ እመጣለሁ።

ስለ ሻሹ ያልሽው እውነት ነው። ሌላውን ሁሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ለራሴ ሲሆን ጠፋብኝ። ግን እስኪነጋ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ልጅሽ ራሷ ሻሽ የምታስር ሴት እስክትሆን ድረስ ይሆናል። እኔ አልደርስበትም። አትዘኚ፣ ግድ የለም፤ ያን ማለዳ እኔ በእናትሽ ራስ ላይ አይቼዋለሁ። የሚመለሰውን የምታየው ልጅሽ ናት።

በለብታ ውሃ እጠቢው። ሳሙና አታብዢበት።

አባትሽ፣ ነካሪው